ወንበር አልባው ትምህርት ቤት

ቨርኔታ ፑልያም ዕድሜዋን ሙሉ በሰው ትምህርት ቤት ስታስተምር ኖራ፣ ዘንድሮ አሜሪካ፣ ቶሊዶ ከተማ ውስጥ የራሷን ቻርተር ትምህርት ቤት ከፈተች። ቻርተር ማለት ገንዘቡ የመንግሥት፣ ጣጣው የራስ ነው። ድሮ ቦውሊንግ፣ ያን ኳስ በለሰለሰ ወለል አንከባለው እንጨት የሚጥሉበትን ጨዋታ፣ ይጫወቱበት የነበረ አዳራሽ በርካሽ ተገኘ፤ መምህራን ተገኙ፤ ልጆችም ከተጠበቀው በላይ መጡ። ወንበር ግን የለም። የጫነው መኪና አድራሻ ስቶ ሌላ ክፍለ ግዛት ገብቷል፣ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል ወር አለፈ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ልጆቹ ኳስ ይንከባለልበት በነበረው ወለል ላይ በሆዳቸው ተኝተው ይማራሉ።

ከመምህራኑ የግማሾቹን ደሞዝ የሚከፍለው «ደፋር ጅምር» የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። አዲስ ትምህርት ቤቶችንና አዲስ ሐሳብ ያላቸውን ርዕሰ መምህራን ይደግፋል፤ አዲስ ሐሳብ የሌላቸውን ግን አይደግፍም። እሱ እጁን ከሰበሰበ ትምህርት ቤቱ ገናን ሳያይ ይዘጋል። ቨርኔታን ክረምቱን ሙሉ ያሠለጠኗትም እነሱ ናቸው። በሥልጠናው «ችግር» የሚለውን ቃል መናገር ክልክል ነበር፤ «ዕድል» ነው የሚባለው። አምልጦት «ችግር» ያለ ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። ቨርኔታ ድምፅዋ እስኪዘጋ ዘፍና ተማረች።

ታዲያ የድርጅቱ ሰው ትሪፕ ሆላንደር፣ እጅጌ የሌላት ጃኬቱን ለብሶ ሊጎበኝ በመጣ ቀን፣ ወንበሮቹ የት እንዳሉ ሲጠይቃት «ችግር» ማለት አልደፈረችም። አፏ ቀደማት።

«ወንበር ሰውነትን ያስራል» አለችው። «ሰውነት ታስሮ ደግሞ ሐሳብ አይፈታም።»

ትሪፕ ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሆዱ ተኝቶ የሚደምር አንድ ልጅ ፎቶ አነሣ፤ ልጁ ያዛጋ ነበር። ትሪፕ ግን እንዲህ ያለ መመሰጥ አይቼ አላውቅም አለ።

እሱ ሲወጣ ጸሐፊዋ ጆርጄት ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። በሕንፃው ውስጥ ያለችው አንድ ወንበር የእሷ ነበረች።

«አንቺ ሴትዮ፣ የልጆቹ ጉልበት ተላጦ አለቀ፤ አንቺ ትፈላሰፊያለሽ።»

ቨርኔታ ነገ ደውዬ አስተካክለዋለሁ አለች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ እሷ ሳትደውል ትሪፕ ደወለ። ሐሙስ የድርጅቱን ለጋሾች በሙሉ ይዞ ሊመጣ ነው፤ ወንበር አልባውን ትምህርት ዐይተው ከወደዱት የዓመቱ ድጋፍ የእሷ ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ለጋሾቹ ሳይደርሱ፣ ያ የጠፋ መኪና ወንበሮቹን ጭኖ በሩ ላይ ቆመ። አምላክ ሲቀልድ እንዲህ ነው። ቨርኔታ ስትለምናቸው የከረመቻቸውን ወንበሮች በጓሮ በር አስገብታ፣ ድሮ የመጫወቻ ጫማ ይከራይበት በነበረው ክፍል ቆለፈችባቸው። ቁልፉን ኪሷ ስትከተው በራሷ አፈረች፤ ጆርጄትም አይታ ዝም አላለችም፤ ወንበር የምትደብቅ አስተማሪ አይቼ አላውቅም አለቻት።

ለጋሾቹ ሽክ ብለው መጡ። ትሪፕ ሁላችሁም እንደ ልጆቹ ወለሉ ላይ ተቀመጡ አላቸው። ከሁሉም የሚፈሩት ሚስስ ኮርኔሊያ ሃድሊ ነበሩ፤ ድርጅቱ የሚኖረው በእኚህ ባልቴት ቸርነት ነው። ወይዘሮዋ እንደምንም ተቀመጡ። ያ ወለል ግን ኳስ ሲያንሸራትት የኖረ ነውና እሳቸውንም በቀስታ ወሰዳቸው። ሊይዟቸው የተነሡት ሁለት ባለ ከረባቶች ተከትለዋቸው ሄዱ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ጫማችሁን አውልቁ እያሉም መከሯቸው።

ሚስስ ሃድሊ ተንሸራተው ዳር ሲደርሱ ኮፍያቸውን አቃንተው ወደ ቨርኔታ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንዲት ወንበር የላችሁም?»

ትሪፕ ፈጠን ብሎ፣ እዚህ ወንበር ሐሳብን ያስራል ተብሎ እንደሚታመን አስረዳቸው።

«የእኔ ሐሳብ ደህና ነው» አሉ አሮጊቷ። «የታሰረው ጉልበቴ ነው።»

ቨርኔታ ልጆቹን አየች። ወር ሙሉ ስለ እነሱ ጉልበት የጠየቀ ለጋሽ የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ደሞዙ፣ መምህራኑ፣ የገና በዓል ሳይደርስ የሚዘጋው በር ሁሉ በዓይኗ ዞረ። ፈራች። ፈርታም ቁልፉን አወጣች።

«ችግር አለብን» አለች፤ ከክረምት ወዲህ ቃሉን ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። «ወንበር ጠፍቶብን ነው እንጂ ፍልስፍና የለንም። ዛሬ ጠዋት ገብቶልናል፤ እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

በሩን ስትከፍተው ልጆቹ ከረሜላ እንደታደለ ሁሉ ተንጋግተው ገቡ። እያንዳንዱ ወንበሩን ራሱ ላይ ተሸክሞ ወጣ። የመጀመሪያዋ ለሚስስ ሃድሊ ተሰጠች። ከዚያ ሁሉም ተቀመጠ፤ እግራቸውን እያወዛወዙ፣ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው፣ ያለማንም ቁጣ መጽሐፋቸውን ገለጡ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ሚስስ ሃድሊም ጉልበታቸውን እያሹ፣ የዓመቱ ድጋፍ ለዚህ ትምህርት ቤት ይሰጥ አሉ። ጆርጄት ቨርኔታን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት።

ትሪፕ ግን አልሰማም። ከልጅ ወደ ልጅ እየዞረ፣ ዓይኑ እንደገና እንባ አቅርሮ፣ ስልኩን አውጥቶ ወደ ቨርኔታ መጣ።

«ይህን አዲስ ዘዴ ሌሎቹም ትምህርት ቤቶች ይሞክሩት» አላት በሹክሹክታ። «ምንድነው የሚባለው?»

«ወንበር» አለችው።