ጋሼን ያስመለሰው ነገር

ሻንጣዬ አፉን ከፍቶ ወለሉ ላይ ከተቀመጠ ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጥሎኝ ሄዷል። ሻንጣው ምንም አላደረገኝም። ችግሬ ከሻንጣው ማዶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከተኛው ሰውዬ ጋር ነው። ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። እኔ አሁን ጎማ ልጠግን የምሄድበት አገር አምና እሱ ሄዶ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ አልቅሶ የሸኘውን ሰውዬ፣ ይዞት የሄደውን ሳሙና እንኳ ሳይጨርስ ፖሊስ አውሮፕላን ላይ አሳፍሮ መለሰው። ለምን እንደመለሱት ግን እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም። ለእማዬም፣ ለኔም፣ ለማንም። ከተመለሰ ወዲህ ከግቢያችን በር ውጪ እግሩን አላወጣም።

ሰፈሩ ታዲያ ዝም ይላል? ሰርቆ ነው አሉ። የሰው ሚስት ነክቶ ነው አሉ። እማዬ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ቧንቧው ጋ ያለው ወሬ ባትሪው እንዳለቀ ሬዲዮ ጭጭ ይላል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። እስቲ አስቡት። ጋሼ ማለት ድመት መንገድ ላይ ተኝታ ካገኘ ዞሮ የሚያልፍ፣ ሲያስነጥሰው ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። እኔን ደግሞ ፌንጣ ነው የሚሉኝ። አንድ ቦታ አልረጋም፣ ካልነካካሁ አያስችለኝም፣ የተኛ ሰው ጫማ ክር ከወንበር ጋር ካሰርኩ ቀኔ ብሩህ ነው። እሱን አንገዋለው የመለሱ ሰዎች እኔንማ ገና ከአውሮፕላኑ ሳልወርድ ነው የሚያዞሩኝ። ስለዚህ ጋሼ ምን እንዳጠፋ ማወቅ አለብኝ። ካላወቅኩት እደግመዋለሁ። ከዛ አንድ ክፍል ውስጥ ግድግዳ የሚያይ ሰው ሁለት ይሆናል፣ እማዬ ደግሞ ቧንቧው ጋ ጨርሶ መሄድ ልታቆም ነው።

ኤጀንሲው ከጫማ መሸጫው በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ከመሄዳችን በፊት እዛ ስልጠና እንወስዳለን። አሰልጣኟን መቀስ ብያታለሁ፣ ወሬህን ገና ሳታጋምስ ትቆርጥሃለች። መቀስ የመጀመሪያ ቀን፣ ሰው ስታናግሩ ክንድ ሙሉ ራቅ በሉ አለችን። አትያዙ፣ አትጎትቱ፣ ስትስቁ የሰው ትከሻ አትምቱ። እኔ ደግሞ ሰው ሳልይዝ ወሬ አይወጣልኝም። የምሠራበት ጎሚስታ ቤት መለማመድ ጀመርኩ። ደንበኛ ሲመጣ የጎማ መፍቻውን ብረት በመሀላችን እዘረጋና ከብረቱ ማዶ ሆኜ እንደምን ዋሉ እላለሁ። አንዱ ባለታክሲ ልፈነክተው የመጣሁ መስሎት ድንጋይ አነሳ።

ቀጥላ ደግሞ፣ ምግብ ሲያቀርቡላችሁ የሚጠይቁት አንዴ ብቻ ነው አለች። ለይሉኝታ አይ ካላችሁ አለቀ፣ ሳህኑ ይነሳል፣ በሞቴ ብሎ የሚለምን የለም። ክፍሉ በሙሉ ተያየ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ግዙፍ ሰውዬ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጭንቅላቱን ያዘ።

እንዲህ እያለች ስትዘረዝር ዋለች። ያልገባችሁን እሺ አትበሉ። አውቶቡስ ውስጥ አትጩሁ። ሳትደውሉ የሰው ቤት አትሂዱ። የማታውቁትን ልጅ አትንኩ። ሰልፍ ላይ በሰው መሀል አትሹለኩ። እሷ አፏን በከፈተች ቁጥር እኔ ጋሼን አስባለሁ። ይሄ ይሆን እንዴ ያስመለሰው? ጩኸት እንዳልል፣ ጋሼ በስልክ ሲያወራ የሰማ ሰው ጸሎት እያደረሰ ነው የሚለው። ሰልፍ እንዳልል፣ ሁሉንም ሲያስቀድም መጨረሻ ቀርቶ ሱቁ የሚዘጋበት ሰውዬ ነው። የቱም አልገጥም አለኝ። አለመግጠሙ ደግሞ ባሰብኝ። በዚህ ሁሉ ካልሆነ፣ መቀስም ያላወቀችው ነገር አለ ማለት ነዋ።

ቤት ስገባ ነገር ፍለጋ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። አለቃህን በጥፊ ብለህ ነው? እለዋለሁ። ዝም። የፕሬዝዳንቱን ልጅ ጠብሰህ ነው? ዝም። ሱሪህን ረስተህ ሥራ ገባህ? ትራሱን አንስቶ ጆሮው ላይ ይከምራል። እማዬ ከጓዳ ሆና፣ ዝም ያለው ቢጎዳ ነው፣ ልጄን አትነካካብኝ ትለኛለች። እሷም ማወቅ ትፈልጋለች። መልሱን ግን ትፈራዋለች። ጋሼ ሲናገር ሰምታ "ውይ ልጄ" ብላ የምታልፈው ቢሆን ችግር አልነበረም፣ ሌላ ነገር ቢሆንስ?

መሄጃዬ ተቃረበ። ካፖርት በውሰት አገኘሁ፣ ሻንጣውን የስጋ ቤት ሚዛን ላይ አስመዘንኩ፣ መስታወት ፊት ቆሜ የራሴን ዓይን ሳልሰብር ማየት ተለማመድኩ። የቀረኝ የጋሼ ነገር ብቻ ነው። በመጨረሻ ዓይኔን በጨው አጠብኩና ውሸት ፈጠርኩ።

ምሳ እየበላን ነበር። ኤጀንሲው ጠራኝ አልኩ። ከቤተሰባችሁ የተባረረ ሰው እንዳለ ሰምተናል፣ የተባረረበትን ምክንያት ካልነገራችሁን አትሄድም አሉኝ አልኩ። እንዲህ ብዬ ፊቴን ሳሳዝን፣ ራሴም ላምነው ምንም አልቀረኝም። እማዬ ጉርሻዋን ይዛ ቀረች። ጋሼ ተነስቶ እጁን ታጠበና አልጋው ላይ ወጣ። እሰይ፣ ነገ ይናገራል አልኩ በሆዴ። ለኔ የሚናገር ነበር የመሰለኝ።

በነጋታው ስልጠና ላይ መቀስ ስለ ቆሻሻ አጣጣል እያስተማረችን፣ ለጠርሙስ ሌላ በርሜል ለወረቀት ሌላ በርሜል እያለች፣ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ነው። ጢሙን ተላጭቷል። የሄደበትን ካፖርት ተኩሶ ለብሷል። ከግቢ ወጥቶ የማያውቀው ሰውዬ ከተማውን አቋርጦ መጥቷል። እኔ ወንበሬ ላይ አመዴ ቡን አለ።

የኤጀንሲው ባለቤት ድምፅ ሰምቶ ከውስጠኛው ቢሮ ወጣ። ጋሼ እጅ ነሳና፣ የሱ ወንድም ነኝ ብሎ በአገጩ ወደኔ ጠቆመ።

"ምክንያቱን ካልነገራችሁን አይሄድም ብላችኋል አሉ" አለ። "ልናገር ነው የመጣሁት። እሱ ምንም አያውቅም።"

ባለቤትዬው መቀስን አያት፣ መቀስ እኔን አየችኝ። አልጠሩኝም፣ አልጠየቁኝም፣ ጋሼ መመለሱንም አያውቁም ነበር፣ በሌላ ኤጀንሲ ነው የሄደው። እዚህ ጋ ተነስቼ ውሸቴን ነው ማለት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። እውነቱን ልናገር፣ መስማት ፈለግኩ።

ጋሼ ቆሞ ተናገረ። ከሥራ ሲወጣ ነው፣ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ። ጉልበት የማትደርስ ልጅ ብቻዋን እያለቀሰች ከእግረኛ መንገዱ ወርዳ መኪናው መሀል ልትገባ ስትል አያት። መኪና እየመጣ ነው። ዘሎ አፈፍ አደረጋት። ንፍጧን በመሀረቡ ጠረገላት፣ ግንባሯን ሳማት፣ አይዞሽ አላት። እሷ ጭራሽ ባሰባት። ዙሪያውን ቢያይ እናት የምትመስል ሰው የለችም፣ ያለፈው ሁሉ ዓይኑን ሰብሮ ያልፋል። ስለዚህ እንዳቀፋት ሰው ወዳለበት፣ ጥግ ዞሮ ወደ ሱቆቹ ሄደ፣ የማን ናት ብሎ ሊጠይቅ። እናትየው ለካ ከጀርባው ካለው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበረች። ስትወጣ ልጇ የለችም። ፖሊሶች ሲደርሱበት ብስኩት እየገዛላት ነበር። ሲጠይቁት ባልገባው ቁጥር እሺ አለ። እሺ፣ እሺ፣ እሺ። የሚፈርመውን ሁሉ ፈረመ።

"ከመኪና ማዳኔን በካሜራ አይተውታል" አለ። "እሱን አልካዱኝም። ካነሳሃት በኋላ ለምን እዛው መልሰህ አላስቀመጥካትም ነው ያሉኝ።" ካፖርቱን ቆለፈ። "አላስቀመጥኳትም። የምታለቅስ ልጅ እንዴት መሬት ትቀመጣለች?"

ከኋላ ያለው ግዙፉ ሰውዬ አፍንጫውን ይስባል። እኔ ያኔ ነው የገባኝ። የማታውቁትን ልጅ አትንኩ የምትለዋ፣ መቀስ በአውቶቡሱና በሰልፉ መሀል ሸጉጣ ያለፈቻት ናት። እኔም ሰምቼ አልፌያታለሁ። ልጅ ማንሳት ደግሞ ምኑ ጥፋት ይሆናል ብዬ።

ባለቤትዬው ማን ጠራችሁ ሲል ተነሳሁና ዋሽቼ ነው አልኩ። ጋሼ አየኝ። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ለባለቤትዬው ግን ውሸቱ ጉዳዩ አይደለም። አሁን ካወቅኩ አላወቅኩም ማለት አልችልም ብሎ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋና ቀጣሪዎቼ ጋ ደወለ። በበሩ በኩል ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ አይሰማም። አንዴ ሳቀ። ጋሼ አጠገቤ ቆሟል፣ ክንድ ሙሉ ርቆ።

ሲወጣ፣ ወንድሙ ሌላ እሱ ሌላ ብለዋል አለን። ትንፋሼን ልለቅ ስል ጣቱን አነሳ። ውሳኔውን ግን ለራሱ ለባለቤትዬው ትተውለታል። እንዲህ ያለች ልጅ መንገድ ላይ ብታገኝ ምን ታደርጋለህ አለኝ። አልነካትም አልኩ። አለመንካቱንማ ድንጋይም ይችላል፣ መኪና እየመጣ ምን ታደርጋለህ አለኝ። ወደ መቀስ ዞርኩ።

"ነገ ጠዋት እዚህ ቆመህ ታሳየኛለህ" አለ። "ካላወቅክ ቦታህ ለሌላ ሰው ነው።"

ወደ ቤት ስንሄድ ጋሼ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነን። ጥፊዋ መቼ እንደምትመጣ እያሰላሁ ነው የምራመደው። ሰፈራችን ጫፍ ስንደርስ ቆመ። ለምን ለእማዬ እንኳ አልነገርክም አልኩት። ሌባ ቢሉኝ ይሻለኛል አለ። ወሬው እዚህ ሲደርስ ልጅ ሰረቀ ነው የሚሆነው፣ ከዛ በኋላ ማን ልጁን በኔ አጠገብ ያሳልፋል? እንዲህ ብሎ፣ የውሸትህን ዕዳ ስትመለስ አስከፍልሃለሁ፣ ቶሎ ግን እንዳትመለስ አለኝ። መቀለዱ ይሁን ማምረሩ እንጃ።

ግቢ ገብተን ካፖርቱን እንኳ ሳያወልቅ በሩ ጋ የተደፋው አሸዋ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ልጅቷ ነኝ አለኝ። ያን የሚያክል ሰውዬ እግሩን ዘርግቶ እንደ ሕፃን እህ እህ ማለት ጀመረ። ሳቄ አመለጠኝ፣ ጠጋ ብዬ ትከሻውን ያዝኩት። በቃ ታሰርክ አለኝ። እንደገና። ከመንገድ እንደማውጣት ብብቱን ይዤ አነሳሁት፣ ጎተትኩት፣ እማዬ ልብስ ወደምታሰጣበት ወሰድኩት። በቃ ተባረርክ አለኝ። እንደገና። መኪና ካለ አንሳ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ወዲያው እዛው አስቀምጥ። ከዛ ራቅ። እጅህን ሰው ሁሉ እንዲያየው ወደ ላይ አድርግ። ከቦታው ንቅንቅ አትበል። እየጮህክ ጠይቅ። የፈለገ ብታለቅስ እንዳታቅፋት።

አነሳሁት፣ አስቀመጥኩት፣ ራቅኩ፣ እጄን ሰቀልኩ። የማን ልጅ ናት እያልኩ መጮህ ጀመርኩ፣ መቀስ ባስተማረችን በነሱ ቋንቋ አንዴ፣ በራሳችን አንዴ። ጎረቤት በር በር ላይ ወጣ። ቧንቧው ጋ የነበሩትም አንገታቸውን በአጥሩ ላይ አሰገጉ። ፌንጣ ደግሞ ምን አመጣ ብለው ነው።

ጋሼ ያለቅሳል። እህ እህ ነበር፣ በመሀል እህ እህ መሆኑ ቀረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ፊቱን በካፖርቱ እጅጌ ሸፍኖታል፣ የሚወጣው ድምፅ የጨዋታ ድምፅ አይደለም። እጄ ወረደ። አንድ እርምጃ ሄድኩ።

"እዛው ቁም" አለኝ ከእጅጌው ስር። "ጠይቅ።"

መለስኩና እጄን ሰቀልኩ። "የማን ልጅ ነው?" ብዬ ጮህኩ። ናት ማለቱ ጠፍቶብኛል። "ይሄ ልጅ የማን ነው?"

እማዬ ከኋላ በኩል መጣች፣ ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ የሳሙና አረፋ ነው። ምን እንደተፈጠረ አታውቅም፣ ምንም አልነገርናትም። መሬት የተቀመጠውን ልጇን አየችው። እጄን ሰቅዬ የቆምኩትን እኔን አየችኝ። በየበሩ የቆመውን ሰው፣ አጥሩ ላይ የተሰለፈውን አንገት አንድ በአንድ አየችው።

"የኔ ነው" አለች።

ሄዳ አሸዋው ላይ አጠገቡ ቁጭ አለችና ጭንቅላቱን በአረፋማ እጇ ያዘችው። እሷ መንካት ትችላለች። እኔ እጄ ወደ ላይ እንደተሰቀለ ነው፣ ክንዴ ዝሏል፣ ጎረቤት ሁሉ ያየኛል፣ እናት ከመጣች በኋላ እጅ ይወርድ እንደሆነ አይወርድ እንደሆነ ግን ጋሼን አልጠየቅኩትም።