የአቶ ዱባለ ጠያቂዎች

አቶ ዱባለ ማር ነጋዴ ነበሩ። ከጅማ ማዶ ካለች ትንሽ አገር መጥተው ኮልፌ ከሰፈሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። ልጆቻቸውን ወርቄንና ነገሬን ያሳደጓቸው በአማርኛ ብቻ ነው። «የኛ ቋንቋ ገበያ አያስገባችሁም» ይሉ ነበር። ልጆቹም አስተምሩን ብለው አያውቁም።

በ1963 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ጭቃ አዳልጧቸው ወድቀው ራሳቸውን ሳቱ። በሦስተኛው ቀን ሲነቁ አማርኛው ጠፍቷል። ወርቄ «አባዬ፣ ውሃ ልስጥዎት?» ብትላቸው አይገባቸውም። በዚያች በማታውቃት ቋንቋ ለስለስ አድርገው ያወራሉ። ማውራታቸውን ለመደችው። ዝም ሲሉ ግን ሰውነቷን ውርር ያደርጋት ነበር። አልጋው አጠገብ ወዳለው ባዶ አግዳሚ ጆሯቸውን ሰጥተው ያዳምጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ይመልሳሉ።

«ቅዠት ነው» አለ ነገሬ።

«ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ልፈልግ።»

«እትዬ ወርቄ፣ አባዬ ራሳቸው ጥለውት የመጡትን? ሦስት ሰው የማይናገረው ቋንቋ ምን ይሠራልሻል?»

ወርቄ 18 ማዞሪያ ላይ ጨው የሚሸጡትን ጋሽ አብደላን ይዛ መጣች። ከአባቷ ጋር አንድ አገር ተወልደው አብረው የመጡ ሰው ናቸው። ጋሽ አብደላ ደጃፉ ላይ ቆመው አዳመጡና ሳይገቡ ቀሩ።

«አረፍ ይበሉ እንጂ» አለች፣ አግዳሚውን እያሳየቻቸው።

«ቦታ የለም እያለኝ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ፣ ይሄ ቅዠት አይደለም። እየጠየቁት ይመልሳል።»

«እነማን?»

«እኔ የምሰማው የሱን ብቻ ነው።» «ላሞቹን በየስማቸው ጠራ። የወንዙንም ስም ነገራቸው። አሁን 'ልጅ አለችኝ' አለ… 'አትችልም' አለ… 'ያላስተማርኳት እኔ ነኝ' አለ።»

አባቷ እያለቀሱ ነበር።

«ጋሽ አብደላ፣ 'አለሁ' ለማለት ምን ይባላል?»

ሽማግሌው በጆሮዋ ነገሯት። ሁለት ጊዜ ለራሷ አለችውና ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረችው። ከባዶው አግዳሚ፣ የተቀመጠ ሰው አፍ ከሚደርስበት ከፍታ፣ የአሮጊት ድምፅ አንዲት አጭር ቃል መለሰላት።

ወርቄ ግድግዳውን ያዘች። «ሰሙ?»

«ምኑን?»

ቃሉን እንደሰማችው ደገመችላቸው። የጋሽ አብደላ ፊት አመድ መሰለ።

«ይሄንን ማን አስተማረሽ?»

«ምን ማለት ነው?»

«'ቀጥይ' ማለት ነው።»

ወርቄ አፏን ከፈተች። ከዚያች ከአንዷ በቀር የምታውቀው ቃል አልነበረም። አግዳሚው ጠበቃት። ከዚያ አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ከዚያ በኋላም አልተናገሩም። ሊመሽ ሲል ዐረፉ።

ከተዝካሩ በኋላ ነገሬ አግዳሚውን ለጎረቤት ሊሰጥ ፈልጎ ነበር፤ እንዳይነካው ከለከለችው። ከቀትር በኋላ ጋሽ አብደላ ሱቅ ትሄዳለች። ሽማግሌው ጨው እየመዘኑ፣ ደንበኛ ወጥቶ ደንበኛ እስኪገባ ቃል ይሰጧታል፤ እናት፣ ዝናብ፣ በር፣ ማር፣ መጣሁ። ቤቷ ተመልሳ አግዳሚው ፊት ለፊት ትቀመጥና ያላትን ሁሉ ትናገራለች። ሲያልቅባት ከአግዳሚው ያቺው «ቀጥይ» የምትለው ቃል ትመጣለች፤ ቁጣ የለባትም፤ ትዕግሥትም የላትም።

ኅዳር ላይ ጋሽ አብደላን ሳል ጀመራቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ከደንበኛ ጋር እንዲከራከሩ አትፈቅድላቸውም።

«እርስዎ ድምፅዎን ይቆጥቡልኝ» ትላቸዋለች፣ ጨውን ራሷ እየመዘነች።