በታይፕ የተጻፉት አስራ አንድ ገጾች

"'መርማሪው ካቴናውን ወደ ኪሱ መለሰና…'" ብሎ ሺያፍሪን ገጹን ሊገልጥ ሲል፣ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት አሮጊት፣ እትዬ ሮስማኒያር፣ ቀድመው ጨረሱለት።

"'…ምግብ አብሳይዋን፣ ሩዙ እንዳያርርብሽ አላት። ከዚያም በጓሮ በር ወጣ።'"

ሺያፍሪን ገጹን ገለጠ። ቃል በቃል እንደዚያው ነው።

መጽሐፉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት እዚሁ ሜዳን ከተማ የታተመ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው። ከእሱ ቅጂ በቀር ሌላ መትረፉን የሰማ የለም። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ካገኘው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በቁልፍ የሚዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሦስት መቶ መሰሎቹ ጋር ይኖራል፤ ሺያፍሪን ራሱ እንኳ ያለ ጓንት አይነካውም። እስክሪብቶማ ከመጽሐፎቹ አጠገብ አይደርስም። ዛሬም እዚህ ቤት እንደገባ፣ እትዬ ሮስማኒያር ጋዜጣ ላይ እንቆቅልሽ የሚሞሉበትን እስክሪብቶ ይቅርታ ጠይቆ ተቀብሎ መስኮቱ ደፍ ላይ አኑሮባቸዋል።

"ከየት አነበቡት እትዬ?"

"አላነበብኩትም። ጻፍኩት እንጂ።"

ሺያፍሪን ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ የተጠበሰ ሙዝ የያዘውን ሳህን ወደ እሱ ገፋ አደረጉና "ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አሉ።

የመጣው ለአንዲት መስመር ነበር። የመጽሐፉ ኅትመት ገጽ ስልሳ ስምንት ላይ ያበቃና በታይፕ የተመቱ አስራ አንድ ገጾች ይቀጥላሉ። ሺያፍሪን ምክንያቱን ያውቃል፣ ወይም የሚያውቅ ይመስለው ነበር። የቅኝ ገዢዎቹ የሆላንዶች ሳንሱር መጨረሻውን ቆርጦ ሲያስቀር፣ ደራሲው እምቢ ብሎ በገዛ እጁ በታይፕ መትቶ ለመጽሐፍ አከራዮች አደለ። ይህንን በሦስት ስብሰባ ላይ ተናግሯል፤ ጋዜጣም ጽፎለታል። አሁን መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነው፣ መቅድሙን የጻፈውም እሱ ነው። የቀረው ደራሲው ገጾቹን ያመጣበት ዓመተ ምሕረት ብቻ ስለነበር፣ ሽፋኑ ላይ ያለውን የማከራያ ሱቅ ማኅተም ተከትሎ የባለሱቁን ልጅ አገኘ።

"ደራሲው የሚባል ሰው በራችንን ረግጦ አያውቅም" አሉ እትዬ ሮስማኒያር። "አባቴ ብልጥ ነበር። ሰው መጽሐፍ ተከራይቶ ወር ሙሉ ያስቀምጥበታል። ስለዚህ የመርማሪ መጽሐፍ ሁሉ መጨረሻውን እየቆረጠ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጥ ጀመር። ገዳዩን ማወቅ የፈለገ መጽሐፉን ይመልስና እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ያነባል። በሁለት ቀን ነበር የሚመልሱት!"

"ታዲያ ሳጥኑስ?"

"የዴሊ ወንዝ ሞልቶ ሱቃችን ሲገባ ይዞት ሄደ። መጽሐፎቹ ሰው ቤት ስለነበሩ ተረፉ። ሰዉ መጨረሻውን አምጡ እያለ በራችንን ያጨናንቃል። አባቴም 'አንቺ ታይፕ ትማሪ የለ? ጻፊ' አለኝ። አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር።"

"ዋናውን መጨረሻ አንብበውት ነበር?"

"የዚህን አላነበብኩትም። እውነተኛው ገዳይ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።"

ሺያፍሪን ወደ መጨረሻው ገጽ ገለጠ። "ምግብ አብሳይዋን ለምን ገዳይ አደረጓት ታዲያ?"

"ስልሳ ስምንት ገጽ ሙሉ ሁሉም ሲናገር እሷ ብቻ አንድ ቃል አልተናገረችም። አሳዘነችኝ። ገዳይ ካላደረግኋት ማን ይሰማታል?" ሻያቸውን ፉት አሉ። "ደግሞ 'ኬ'ዋ ፊደል ከመስመር ወደ ታች ትወርዳለች አይደል? ታይፑ ወድቆ ነው፤ የጣልኩትም እኔ ነኝ።"

ማየት አላስፈለገውም። እያንዳንዷን የወረደች 'ኬ' በቃሉ ያውቃታል፤ የደራሲው እጅ ተንቀጥቅጦ ነው ብሎ በመቅድሙ ጽፏል። ከንዴቱ ይልቅ ያቃጠለው ኀፍረቱ ነበር። አስረኛ ገጽ ሳይደርስ ገዳዩን አውቃለሁ እያለ ሲኩራራ የኖረ ሰው፣ ይህንን ማን ጻፈው ብሎ አንድም ሰው አልጠየቀም።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ" አሉ አሮጊቷ ፊቱን አይተው።

ስልኩ ጮኸ። የአሳታሚው አርታኢ ቲያራ ናት።

"ጋሼ፣ ሽፋኑ ደረሰ! ጀርባው ላይ 'ደራሲው በገዛ እጁ የጻፈው መጨረሻ' ብለን አውጥተነዋል። ያ መጨረሻ ባይኖር እኮ መጽሐፉን ማንም አያሳትመውም ነበር። አስር ሰዓት ላይ መጥቼ መጽሐፉን ልውሰደው?"

"ቆይ፣ መልሼ ልደውልልሽ" አለና ዘጋ።

እትዬ ሮስማኒያር ሁሉንም ሰምተዋል። "ተወው ወንድሜ" አሉ። "ሰው መጨረሻውን ከወደደው ለእኔ ይበቃኛል። በሰባ አምስት ዓመቴ ስም ምን ያደርግልኛል?"

እውነት ነው፣ ዝም ቢል ማንም አይደርስበትም። እሳቸው አይከሱትም፤ ሳጥኑንም ውሃ በልቶታል። ከተናገረ ደግሞ ጋዜጣውም፣ ስብሰባዎቹም፣ ምናልባት ኅትመቱም ገደል ይገባሉ። ሺያፍሪን ከፊቱ የተከፈተውን ገጽ አየ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያነበው 'ሩዙ እንዳያርርብሽ' የምትለው መስመር ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ሲደግማት ኖሯል። አሁንም ደገማት። ምግብ አብሳይዋን ያናገሯትን ሴት አሁን ዝም የሚያሰኛቸው እሱ ሊሆን ነው።

ደወለ።

"ቲያራ፣ ሽፋኑን አስቁሚው።"

"ምን ተፈጠረ?"

"መቅድሙ ላይ የዋሸሁት ነገር አለ። ሳላውቅ ነው፣ ግን ዋሽቻለሁ። መጨረሻውን የጻፉት ሌላ ሰው ናቸው።"

"ታዲያ… መጽሐፉን ምን እናድርገው ጋሼ?"

"አላውቅም። መጥተሽ ራሳቸውን ጠይቂያቸው። አድራሻውን እልክልሻለሁ።"

ስልኩን አስቀመጠና ጓንቱን አወለቀ። ከመስኮቱ ደፍ ላይ እስክሪብቶውን አምጥቶ እትዬ ሮስማኒያር ፊት አኖረ። ከዚያም መጽሐፉን በታይፕ የተመታው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከፍቶ ወደ እሳቸው አዞረው።

"እዚህ ጋ ስምዎን ይጻፉልኝ፣ እትዬ።"

አሮጊቷ ገጹንም እሱንም አዩ። "መጽሐፍህን ላበላሽብህ? ይልቅ በእርሳስ ልጻፍ።"

"እርሳስ ይጠፋል" አለ ሺያፍሪን፤ እንዳይታጠፍባቸውም ገጹን በባዶ እጁ ያዘላቸው።