ጠቋሚው ኤደን ላይ

ያለ አስር ሰው የማኅበር ጸሎት አይቆምምና፣ ለቅዳሜ ጠዋት አስሩን ለማሟላት ከሐሙስ ጀምሬ ስልክ እደውላለሁ። አንዱ ወገቤን ይላል፤ ሌላዋ ልጆቿን ልታይ ቦነስ አይረስ ሄዳለች። በዚህ ሳምንት ሰው ለቅሜ ስጨርስ ከድካሜ የተነሳ የኦሪቱን ብራና ማዘጋጀት ረሳሁ። በእኛ ምኩራብ አሳጥረን ስለምናነብ፣ ጥቅሉን ካለፈው ሳምንት ንባብ ከአዳም ወደዚህ ሳምንቱ ወደ ኖኅ ማሻገር የኔ ሥራ ነው።

"ፍሎራ፣ ቶሎ በሉ፤ ሥጋዬ እሳት ላይ ነው" አለ አስረኛው ሰው ሩቤን፣ ገና ሳይቀመጥ።

"ለጸሎት ነው የመጣኸው ለቆጠራ?"

"ለቆጠራ ነዋ! አንቺ አይደለሽ የጠራሽኝ?"

አንባቢያችን ዶን ናኡም የብር ጠቋሚ ዘንጋቸውን ብራናው ላይ አሳርፈው ማንበብ ጀመሩ። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከከተማችን አይሁዶች ከብራናው ማንበብ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የብራናው ዕብራይስጥ አናባቢ ነጥብም የዜማ ምልክትም የለውም። እኔ ነጥብ ያለበትን የታተመ መጽሐፍ ይዤ አጠገባቸው እቆምና ስሕተት ካለ አርማለሁ። ስሕተት ኖሮ አያውቅም።

ስለ ኖኅ እያዜሙ ሳለ ድንገት ብራናውን አየሁት። የብሩ ጠቋሚ ያረፈው "ኤደን" የሚለው ቃል ላይ ነው፤ እሱን እንኳ ያለ ነጥብም አውቀዋለሁ። ዶን ናኡም አያዩም። በቃላቸው ነው የሚወጡት።

በቃል የተባለ ደግሞ አልተነበበም፤ ሕጉ ይኸው ነው። ብናገር ያለ አንባቢ ልንቀር ነው፤ ዝም ብል ቆሜ የማርመው ውሸት ነው። ተናደድኩ፤ በእሳቸው ሳይሆን፣ ይህን ያየሁት እኔ በመሆኔ።

እጃቸውን ያዝኩ። "ዶን ናኡም፣ ብራናውን አላዘጋጀሁትም። ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

"የት ላይ ነው?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ኤደን።"

"አይ ያንቺ ነገር! ከፋሲካ ወዲህ አንድ ፊደል አላየሁም፤ ገና አሁን ነቃሽ?" ጠቋሚውን እጄ ላይ አኖሩት። "በይ ወደ ኖኅ ጠቅልዪና አንብቢ።"

"ያለ ነጥብ አልችልም እኮ።"

"አንቺ እዪ፤ እኔ ልስማሽ።"

አነበብኩ ከተባለ አነበብኩ። በየቃሉ አረሙኝ፤ አላበኝ። የሩቤን ሥጋ ሳያር አልቀረም፤ እሱ ግን ከወንበሩ አልተነሳም። ሦስተኛው መስመር ላይ ዶን ናኡም ዝም ሲሉብኝ ደንግጬ ቀና አልኩ።

"ምን ቆመሻል? ልክ ነው ያልሽው። ቀጥዪ።"

የሚመጣው ቅዳሜም፣ ከዚያ በኋላ ያለውም ሁሉ የኔ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጠቋሚውን ወደሚቀጥለው ቃል ገፋሁ። ቀጠልኩ።