አባታችን ወደ ኋላ የተራመደ ቀን

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። ታናሽ ወንድሜን ቃሃን ግን ያሳደግሁት እኔ ስለሆንኩ ዥንጉርጉርነቱን በእናቴ ላይ ላሳብብ አልችልም። እናታችን እሱን ስትወልድ ሞተች። ጎረቤት ለጎረቤት እየዞርኩ ጡት ለምኜ አጠባሁት፣ ተምር እያላመጥኩ አጎረስኩት፣ የውሃ ቀጂዎቹን አህያ ጭራ አስይዤ መራመድ አስተማርኩት። ባል ሳገባም ይዤው ገባሁ። ባሌ አናኽት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ “ሙሽራዋ ከነልጇ መጣች” ብሎ ስቆ መኝታ አነጠፈለት።

መንደራችን ከወንዙ በስተምዕራብ ነው፤ አለትና አቧራ፣ አንዲት ዛፍ እንኳ የለችውም። ወንዶቹ ሁሉ ሥራቸው አንድ ነው፤ ተራራውን ተሻግረው ሸለቆ ውስጥ የፈርዖንን መቃብር መፈልፈል። ፈርዖን ገና ጎረምሳ ነው፣ መቃብሩ ግን ከቤተ መንግሥቱ ይበልጣል አሉ። እኛ ሴቶቹ አይተነው አናውቅም። የምናውቀው የባሎቻችንን ሳልና ከልብሳቸው የምናራግፈውን ነጭ ትቢያ ነው።

አናኽት በዕረፍት ቀኑ እንደ ሌሎቹ ጠላ ላይ አይጣድም ነበር። ከመንደሩ በላይ ካለው ዳገት ወጥቶ የራሳችንን ይቆፍራል። ለእኔና ለእሱ፣ ጎን ለጎን የምንተኛበት። እሱ አለቱን ሲፈነቅል ቃሃ ፍርስራሹን በቅርጫት ያወጣል። አንድ ቀን ከጣሪያው ድንጋይ ተንዶ የቃሃን ቀኝ ጉልበት ሰበረው። የቤታችንን በር ነቅለን በእሱ ላይ ተሸክመን ስናወርደው መንደሩ በሙሉ ወጥቶ አይቷል። ማር ቀብቼ በተልባ እግር ጨርቅ ጠፍንጌ አሰርኩት። ዳነ፤ ግን ያ ጉልበት ከዚያ ወዲህ እንደ ልብ አይታጠፍም። ሲነሳ ሁልጊዜ በግራው ነው የሚጀምረው፣ ወደ ኋላ መራመድ ደግሞ ያሠቃየዋል።

አናኽት ሲሞት በመቃብሩ ውስጥ በግራ በኩል አስተኛነው። ቀኙ የእኔ ነው። ከበሩ በላይ ስሙንና ስሜን አጠገብ ለአጠገብ ራሱ ቀርጾታል፤ የእኔን ከእሱ አስበልጦ በመጻፉ መንደሩ ሲስቅበት ነበር የከረመው። በበዓል በበዓሉ ዳቦና ጠላ ይዤ እወጣለሁ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ የመንደሩን ወሬ አወራለታለሁ፣ ጥሎኝ በመሄዱም እቆጣዋለሁ። ሞትን የማልፈራው ቦታዬን ስለማውቀው ነበር።

ታዲያ የሠራተኞቹ አለቃ ፔንዱዋ ዓይኑን ጣለበት። የእሱ መቃብር ክፉ አለት ገጥሞት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። የእኛው ደግሞ ስንጥቅ የሌለበት፣ ነጭ፣ ለሥዕል የሚመች ነው። አንድ ቀን ውሃ ስቀዳ ሰው ፊት መጣና፣ “ወይዘሮ ወርነሮ፣ ያ መቃብር የአያቴ ነው። ባልሽ ተቆፍሮ ያገኘው ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ነው የገባው” አለኝ።

“አያትዎ መቃብር ሲቆፍሩ መሮ ይዘው ያየ ሰው አለ? እኔ እንኳ ሲነገር የምሰማው ማንኪያ ይዘው ነው” አልኩት። ሴቶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

“እንግዲያው አባታችን ይፍረድ” አለ።

አባታችን የምንለው መንደራችንን የቆረቆረው የጥንቱ ንጉሥ ነው። ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ምስሉ ግን በበዓሉ ሰሞን በቃሬዛ ወጥቶ መንደሩን ይዞራል። የሚሸከሙት የእኛው ድንጋይ ፈልፋዮች ናቸው፤ ለበዓሉ ጭንቅላታቸውን ተላጭተው፣ አፋቸውን በጨው አጥበው ካህን ይሆናሉ። ክርክር ያለው ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠይቀዋል። ወደ ፊት ከተራመደ እሺ ማለቱ ነው፣ ወደ ኋላ ካለ እምቢ። የሚራመደው አባታችን ነው እንጂ ተሸካሚዎቹ አይደሉም፤ ክብደቱ ይገፋቸዋል። እንዲህ ብለው አሳደጉን፤ እኔም እንዲህ ብዬ ቃሃን አሳደግሁት።

ቃሃ ደግሞ ከፊት ነው የሚሸከመው። ስለዚህ ፔንዱዋ አባታችንን ሲጠራ በሆዴ ሳቅሁ።

በበዓሉ ዋዜማ ቃሃ ቤቴ መጣ። የሚወደውን የደረቀ ዓሣ በሽንኩርት አቀረብኩለት። ቆርሶ ያዘው እንጂ አልጎረሰም።

“እትዬ፣ ከፔንዱዋ ጋር ብትታረቂስ?” አለ። “አለቃ ነው። ሌላ ቦታ ይሰጥሽ ይሆናል።”

“አናኽትን ከተኛበት ቀስቅሼ ላዛውረው? ምን ሆነሃል አንተ?”

“እንዲያው ነው።”

“ብላ። ነገ ትከሻህ ጉልበት ይፈልጋል።”

ሳይበላ ሄደ። ጾም መስሎኝ ይበልጥ ኮራሁበት።

በማግስቱ ፔንዱዋ አዲስ ነጭ ልብስ ለብሶ መንገዱ ላይ ቆመ። ቃሬዛው ቆመ፣ ከበሮው ዝም አለ። “አባታችን ሆይ፣ ያ መቃብር የአያቴ ነው?” ብሎ ጠየቀ። እኔ የምስሉን ፊት ማየት ሲገባኝ የወንድሜን እግር አየሁ። ልማድ ነው፤ ልጅ ያሳደገች ሴት ዓይኗ ከእግሩ አይነሳም። ከሁሉም ቀድሞ የቃሃ ግራ እግር ተነሳ። የኋለኞቹ ተከተሉት። አባታችን ወደ ፊት ሄደ።

ሕዝቡ እልል አለ።

ቃሃን ቤቱ ድረስ ተከትዬው ሄድኩ። ተላጭቶ የጠራ ጭንቅላቱን እያሻሸ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው፣ ግድግዳው ሥር፣ አዲስ የመዳብ መሮ ተደግፏል። የመዳብ መሮ የፈርዖን ንብረት ነው፤ ለሠራተኛ ካልሆነ ለማንም አይሰጥም። የቃሃ መሮ ደግሞ አሮጌ ነው፣ እጀታውን እኔው ነኝ በጨርቅ የጠመጠምኩለት።

“የማን ነው?” አልኩት።

“የልጄ” አለ መሬት መሬት እያየ። “ፔንዱዋ ሥራ አስገባልኝ። ቀለቡም ከነገ ይጀምራል።”

“ስለዚህ ነዋ።”

“እትዬ፣ እኔ ትከሻዬን ነው የሰጠሁት። የተራመደው አባታችን ነው።”

“እግርህንስ ማን ሰጠው?”

“ክብደቱ ይገፋሻል እኮ። ካልተሸከምሽው አታውቂውም።”

“አንተን ተሸክሜ አውቃለሁ” አልኩት። “ክብደት ማለት ምን እንደሆነ አታስተምረኝ።”

ያጎረሰ እጅ ሲነከስ ያማል የሚሉት ለካ እውነት ነው። እያለቀስኩ ተመለስኩ። የሚገርመው ግን፣ ያን ቀን እንኳ ሙሉ በሙሉ አልቆረጥኩም። ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ ልጁን አይቶ አንዴ ተሳስቷል አልኩ። በሕጋችን የተፈረደበት ሰው በዓሉ ሳያልቅ አንድ ጊዜ መልሶ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ማንም ሊክደው የማይችል ጥያቄ ፈለግሁ፤ አገኘሁም።

በመጨረሻው ቀን ፀሐይ ሳትከርር መንገዱ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ጎረቤቴ ሄኑት ክንዴን ያዘችኝ። ቃሃ ጉልበቱ የተሰበረ ቀን በበሩ ላይ ስናወርደው አንዱን ጫፍ ይዛ የነበረችው እሷ ናት።

“ተይው ወርነሮ። ከአለቃ ጋር ምን አጣላሽ?”

“ዛሬስ አልጣላም። የማውቀውን ነው የምጠይቀው።”

ቃሬዛው መጣ፣ ቆመ። ቃሃ ላቡ በጉንጩ ይወርዳል፣ ዓይኑን ከእኔ በላይ አርቆ ተክሏል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጠየቅሁ።

“አባታችን ሆይ፣ ሌላ አልጠይቅህም። አናኽት ያን መቃብር ሲቆፍር ድንጋይ ተንዶ የዚህን የተሸካሚህን ጉልበት ሰብሯል?”

ፔንዱዋ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወደ ፊት ከሄደ የቆፈረው አናኽት መሆኑ ነው፣ የአያቱ ተረት ያበቃለታል። ወደ ኋላ ካለ ደግሞ መንደሩ በሙሉ በዓይኑ ያየውን አባታችን ካደ ማለት ነው። ቃሃን ብቻ አየሁት። ና፣ በግራህ ጀምር፣ አልኩት በልቤ፤ የአህያዋን ጭራ ይዞ ሲንገዳገድ እንደምለው።

የግራ እግሩ አልተነሳም። ቀኙ ተነሳ። ያ እኔ ያሰርኩት፣ ማር የቀባሁት ጉልበት እየተንቀጠቀጠ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሕመሙ ፊቱን ሲያጣምመው አየሁ። ቃሬዛው ወደ አንድ በኩል ዘነበለ። አባታችን እያነከሰ ወደ ኋላ ተራመደ።

አንድ ሰው ይስቃል ወይም ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። ሁሉም አይተዋል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። መጀመሪያ እልል ያለችው ሄኑት ናት። ከዚያ ሁሉም ተከተሏት። ክንዴን ገና እንደያዘችኝ ነበር እልል ያለችው።

በማግስቱ የፔንዱዋ ሰዎች መሰላል ይዘው ወጡ። ከበሩ በላይ ያለውን ስም በመሮ ፍቀው በላዩ ልስን ለሰኑበት። የአናኽትን ቶሎ ፋቁት። የእኔን ሲፍቁ፣ ተለቅ ብሎ ስለተጻፈ ብዙ ቆዩበት፣ አንደኛው “እንዴት ይረዝማል እቴ” ብሎ አጉረመረመ።

አናኽትን የማስገባበት ያለኝ ከቤቴ በስተኋላ እናቴ የተቀበረችበት ጉድጓድ ነው። ጠባብ ነው። ከእሷ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ይይዛል፤ ያ አንድ ሰው እሱ ሆነ። እኔ የት እንደምገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የሬሳ ሳጥኑን ለማውረድ ሰው ለመንኩ። አለቃውን ፈርተው ሁሉም ሥራ አለብን አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ መጡልኝ፣ ለሦስተኛው ጫፍ እኔ ራሴ ቆምኩ። አራተኛው ጫፍ ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ቃሃ ዳገቱን እያነከሰ ሲወጣ አየሁት። ጭንቅላቱ ላይ ጸጉሩ ብቅ ማለት ጀምሯል። አጠገቤ ደርሶ ቆመ፣ ዓይኔን ማየት አልቻለም።

“እትዬ” አለ፣ “እኔም ልሸከም። አባት ሆኖኝ ነው የኖረ።”

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የቀረ ተሸካሚ የለም፤ ፀሐይዋ እየከረረች ነው፣ ባሌም ደጅ ወድቋል።

“ከፊት ያዝ” አልኩት። “ቦታህ እሱ ነው።”

ጎንበስ ብሎ ያዘ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ተነሳን። ግራ እግሩን አስቀድሞ ወደ ፊት ተራመደ፣ ማንም ሳይገፋው።