የገና ማግስት ቅናሽ

የአክስቴ የእትዬ ሙሉእመቤት ሱቅ ሽሮ ሜዳ ላይ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ። በሁለቱ መካከል ያለችው ክፍል የእንግዳ መቀበያ ትባላለች፤ በዚያ ዓመት ገና ሲደርስ ግን እንግዳ ቀርቶ ድመት የምትቀመጥበት ቦታ አልነበራትም። ከወለሉ እስከ ኮርኒሱ ጋቢ ተከምሮባታል። አንድ የጅማ ነጋዴ አረንጓዴ ጥለት ያለው ጋቢ በብዛት አዝዞ፣ ሸማኔዎቹ ሠርተው ሲጨርሱ እሱ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። የሰፈራችን ሰው ደግሞ ቀይና ጥቁር ጥለት ነው የለመደው። አረንጓዴውን ያያል፣ ይዳስሳል፣ «ድሩስ ጥሩ ነበር» ይላል፣ ይሄዳል።

ክምሩ እንደዚያው ይቆይ ነበር፤ ችግሩ እሑድ ነው። እሑድ የአክስቴን ልጅ የዓለምወርቅን ለነገራ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ነገራ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አባቱ አቶ ባጫ ከአዲሱ ገበያ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የታወቁ ሰው ናቸው። የዓለምወርቅ በዚያ ዓመት ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት እንኳ አዲሱ ገበያ ድረስ ትወርድ ነበር። ሽንኩርት እዚሁ በራችን ላይ ይሸጣል። እትዬ ይህን ያውቃሉ፤ እንደማያውቁ ሆነው ሽንኩርቱን ይከትፋሉ።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የት ይቀመጡ?

እኔ ከቺካጎ ከተመለስኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። የንግድ ትምህርት ተምሬ መጥቻለሁ። መሥሪያ ቤት ልግባ ወይስ አልግባ፣ ልቅር ወይስ ልመለስ፣ እያልኩ ጠዋት የወሰንኩትን ማታ አፈርሳለሁ። ምክር መስጠት ግን አላቃተኝም።

«እትዬ፣ በገና ማግስት ሱቁን ከፍተን ጋቢውን በቅናሽ ለምን አንሸጠውም?» አልኳቸው።

«በማግስቱ?» አሉ። «ትናንት የበላው ዶሮ ከደረቱ ሳይወርድ ማን ነው ለገበያ የሚወጣው?»

«እዚያ አገር ሰው የሚጋፋው በማግስቱ ነው። እኔ የሠራሁበት ሱቅ በሩ ሳይከፈት ሰልፉ መንገድ ይሻገራል። አንዲት ሴትዮ ካፖርት ለመያዝ ስትሻማ ባርኔጣዋን አስረገጠች። ካፖርቱ ደግሞ ልኳ አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን ገዛችው?»

«ቅናሽ ስለሆነ።»

እትዬ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያስተማሩህ ይሄን ነው?»

ቡሽራ ሳቀ። ቡሽራ ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ነጋዴ ነው፤ እሱም ነጠላና ጋቢ ይሸጣል። በእኛ በዓል እሱ የእኛን በር ይጠብቃል፣ በአረፋ እኛ የእሱን።

«እኔ በገና ማግስት በየዓመቱ እከፍታለሁ» አለ።

«ማን ይመጣል?» አልኩት።

«ማንም። ውሾቹ ይሄ መንገድ ባለቤት የለውም እንዳይሉ ነው የምከፍተው።»

«ሰማህ?» አሉ እትዬ። «ደግሞ ጥምቀት ደጃችን ላይ ቆሞ ዋጋ የሚቀንስ ማን ነው? ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ሲባል አልሰማህም? በዚህ ሳምንት ደግሞ! የአቶ ባጫ ሰዎች ‹ምን ሆነው ነው?› ቢሉስ? የልጅቷ መልክ በዓይን ይታያል፤ እሑድ የሚመዘነው የዚህ ቤት ስም ነው።»

የዓለምወርቅ የእናቷን እጅ ይዛ ሳመች። «እማዬ፣ እንሞክረው። አለዚያ ለሽማግሌዎቹ መሰላል ልታቀርቢላቸው ነው? በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።»

እትዬ ክምሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «ለአንድ ቀን ብቻ» አሉ።

ወዲያው ከካርቶን ላይ አንድ ሰፊ ገጽ ቆርጬ በቀይ ቀለም ጻፍኩበት፦ «ታላቅ ቅናሽ! ለዛሬ ብቻ!» ጽፌ ስጨርስ ራሴ ተጠራጠርኩ። ቃለ አጋኖው በዝቶ ይሆን እያልኩ አንዱን ልፍቅ አሰብኩ። ተውኩት።

በገና ማግስት ጠዋት መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ከታች ሜዳው ላይ ትናንት ያልበቃቸው ጎረምሶች አሁንም የገና ጨዋታዋን ሩር እየተሯሯጡ በዱላ ይመታሉ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ካርቶኑን ሰቀልኩ፣ ጋቢዎቹን ጥለታቸው ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጌ ደረደርኩ። ቡሽራ በራፉ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን እየፋቀ ሰላም አለኝ።

የመጀመሪያዋ ሰው ጎረቤታችን ወይዘሮ አበራሽ ነበሩ። ፊደል አይቆጥሩም፤ የካርቶኑን ጽሑፍ አንድ መንገደኛ ሲያነብላቸው ከሩቅ አየሁ። በእጃቸው አገልግል ይዘው ገቡ። ጋቢዎቹን ዘወር ብለው እንኳ አላዩም። ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው አወረዱና ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ማን ነው?» አሉኝ።

«ምን ማን ነው?»

«የታመመው። ወይስ የታሰረ ሰው አለ?»

«ኧረ ማንም አልታመመም፣ እትዬ አበራሽ። ዋጋ ቀንሰን ነው።»

«አይቻለሁ ልጄ፣ አይቻለሁ።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ለጥምቀት ሰው ሁሉ ዋጋ ሲጨምር ሙሉእመቤት የምትቀንሰው ምን ብትሆን ነው? እሷስ የት አለች?»

ከእሳቸው በኋላ አንድ ሽማግሌ ገቡ። አንዱን ጋቢ አንስተው ጨበጡት፣ ወደ ብርሃን አድርገው አዩት፣ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። ልቤ ተነሣ። ከዚያ ቀስ ብለው አጣጥፈው መለሱት።

«ግሩም ጋቢ ነው» አሉ። «ግን የተቸገረ ሰው ዕቃ በርካሽ ገዝቼ፣ እሱን ለብሼ ታቦት ፊት ልቆም? አላደርገውም። እግዚአብሔር ይርዳችሁ።»

«አባባ፣ አልተቸገርንም!»

ሽማግሌው ወደ ወይዘሮ አበራሽ ዞሩ። «እንዲህ ነው። የጨዋ ልጅ ችግሩን አይናገርም።»

ወይዘሮ አበራሽም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ባስተባበልኩ ቁጥር የበለጠ ያምኑ ጀመር። ሰው መጣ። ድፎ ዳቦ ይዞ መጣ፣ ጠላ ይዞ መጣ፣ ከትናንቱ በግ የተረፈ ወርች ይዞ መጣ። ዱካው ስላልበቃ ጋቢው ክምር ላይ ተቀመጡ። ረፋዱ ላይ ሱቁ ለቅሶ ቤት መሰለ፤ ለቅሶው ብቻ ነው የቀረው። እትዬ ከጓዳ ሲወጡ ሁሉም ብድግ አለ። እትዬ ቤቱን ቃኝተው ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸውን ሽሽት ጋቢ ማጣጠፍ ጀመርኩ።

እኩለ ቀን ላይ ቡሽራ አንገቱን አስገባ። «ጋሼ አሜሪካ፣ ከአውቶቡስ የወረዱት ሰዎች የሚሉትን ልንገርህ? አዲሱ ገበያ ላይ የሚወራው፣ የአክስትህን ሱቅ በካርታ ቁማር አስበልተሃል። እንጦጦ ላይ ደግሞ እትዬ ሙሉ ለሕክምና ውጭ አገር ሊሄዱ ነው። የትኛው ይሻልሃል?»

እኔ ልስቅ ነበር። የዓለምወርቅ ግን አልሳቀችም።

«አዲሱ ገበያ ተባለ?» አለች። «አቶ ባጫ ዛሬ እዚያ ናቸው።»

ከዚያ ሄዳ ካርቶኑን ከበሩ ላይ ነቀለችው፤ ወሬውን ግን መንቀል አይቻልም። ጓዳ ገባች። «ለአንድ ቀን ብቻ» የሚለው የእትዬ ቃል በጆሮዬ ያቃጭል ነበር። ቁማርተኛ የአክስት ልጅ ያለበት፣ በዓል አልፎ በዓል ሳይመጣ ዕቃውን የሚያራግፍ ቤት፤ እኔስ ብሆን ልጄን እዚያ እድራለሁ? ለራሴ የሰጠሁት መልስ ደስ አላለኝም።

ብዙም ሳይቆይ የከባድ መኪና ድምፅ መጣና በራችን ላይ ጸጥ አለ። ነገራ መሪውን እንደያዘ ቀረ። አቶ ባጫ ጥቁር በርኖሳቸውን ደርበው፣ ረጅም ከዘራ ይዘው ወረዱ፤ ከኋላቸው አቶ ቶለሳ የሚባሉ አጠር ያሉ ሽማግሌ ተከተሉ። ከቡሽራ ጋር በኦሮምኛ ሰላም ተባባሉና በሩ ላይ ቆሙ።

«ወይዘሮ ሙሉእመቤት፣ ቀጠሯችን ለእሑድ ነበር» አሉ አቶ ባጫ።

«ነበር» አሉ እትዬ። ጣታቸው የነጠላቸውን ጫፍ ይጠመዝዝ ነበር።

«እሑድን አልጠብቅም።»

ከጓዳ ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር ተሰማ።

«ቤታችሁ ችግር ገባ ሲባል ሰማሁ» ብለው ቀጠሉ። «እስከ እሑድ ብቆይ ባጫ ወሬ ሰምቶ ያመነታል ይባላል። እሑድ ብመጣም ተገዶ ነው ይባላል። ስለዚህ ዛሬ፣ ይህ ሁሉ ሰው እያየ መጣሁ። ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝ።»

ወይዘሮ አበራሽ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። እትዬ አዩዋቸው። ዘጉት።

«አቶ ባጫ፣ እግዚአብሔር ያክብርዎ» አሉ እትዬ። «ግን አልተቸገርንም።»

«ይሁን። የጨዋ ልጅ ችግሩን አይናገርም» አሉ አቶ ባጫ፤ ቤቱ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ።

«ዓምሃ!» አሉ እትዬ ወደ እኔ ዞረው። «ና ንገራቸው።»

ቆሜ ተናገርኩ። ስለ ቺካጎ፣ ስለ ሰልፉ፣ ስለ ሴትዮዋ ባርኔጣ፣ ስለ ጅማው ነጋዴና ስለ እንግዳ መቀበያዋ ክፍል። ወደ መቀመጫው ጉዳይ ስደርስ ትንሽ አፈርኩ፤ ክፍሏን ልናስለቅቅ የተነሣነው ለእነሱው ነበርና። አቶ ቶለሳ ግንባራቸውን ቋጥረው አሰቡና፣

«እዚያ አገር ከገና በኋላ ጥምቀት የለም?» አሉኝ።

«እንደኛ ለብሶ ወጥቶ የሚያከብረው የለም።»

«እህ!» ግንባራቸው ተፈታ። «ምስኪኖች። በዓላቸው ካለቀማ ቢቀንሱ ምን ይፈረድባቸዋል!»

መጀመሪያ የሳቀው ቡሽራ ነው። ከዚያ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እትዬ እንኳ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ወይዘሮ አበራሽ ብቻ አገልግላቸውን አዩት፤ ይመልሱት ወይስ ይተዉት የሚለው የቸገራቸው ይመስላል።

«እንግዲህ ቤቱ አልወደቀም» አሉ አቶ ባጫ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እኔ ግን መጥቻለሁ። የመጣ ሽማግሌ ሳይሰማ አይመለስም።»

እትዬ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ሰምተናል። ግን ደንቡን ያውቁታል። ሽማግሌ በአንድ ቀን መልስ አያገኝም። ዘመድ ላማክር፤ እሑድ ይመለሱ።»

«ልክ ነው። ዛሬ ቢሰጡኝ ራሴ እጠረጥር ነበር።» አቶ ባጫ ደስ ብሏቸው ጋቢው ክምር ላይ ተቀመጡ፣ ትንሽ ሰመጡ፣ በእጃቸው ዳሰሱት። «ይሄ ነው የተባለው ጋቢ? ለእኔና ለቶለሳ አንዳንድ ስጠኝ። ስንት ነው?»

የዕለቱ የመጀመሪያ ገዢ! ፈጥኜ የቅናሹን ዋጋ ነገርኳቸው።

«ያለ ቅናሹስ?»

እሱንም ነገርኳቸው።

«እሱን ነው የምከፍለው። ልጄ በቅናሽ አገባ ልባል?»

«ምን ሲባል!» አሉ እትዬ። «አንድ ሳንቲም አይከፍሉም!»

«ይባስ! በነፃ አገባ ልታስብሉኝ ነው። ሙሉ ዋጋውን ውሰድ፣ አንተ ልጅ።»

«እንዳትነካ ዓምሃ! እኔ ከአማቼ ገንዘብ አልቀበልም!»

እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ቃሉ ግን አንዴ ወጥቷል።

ወይዘሮ አበራሽ ከዚህ በላይ አልቻሉም። እልልታቸው መንገዱን ተሻገረ። ውጭ መኪናው ውስጥ የነበረው ነገራ ምን እንደተፈጠረ ባያውቅም እልልታውን ሰምቶ ጥሩምባውን ለቀቀው፤ ሜዳው ላይ የነበሩት ጎረምሶች ጨዋታቸውን ትተው ሮጠው መጡ። የዓለምወርቅ ከጓዳ ደፍራ አልወጣችም። በመጋረጃው ሥር ግን እግሮቿ ይታያሉ፤ ባሉበት እየረገጡ ይጨፍሩ ነበር።

«እሑድ እመለሳለሁ» አሉ አቶ ባጫ በታላቅ ቁም ነገር። «መልሱን አልሰማሁም።»

«አልሰሙም» አሉ እትዬ።

ጋቢዎቹን ለብሰው ሄዱ። ስለ ክፍያው አልተስማሙም፤ ክርክሩ ለእሑድ ተላለፈ።

ወደ ማታ በሩን ስዘጋ ቡሽራም የራሱን እየዘጋ ነበር።

«ስንት ሸጥክ?» አለኝ።

«አንድም። ሁለት ጋቢ ወጣ፤ ተሸጠ ይባል፣ ተሰጠ ይባል፣ ገና አልታወቀም። አንተስ?»

«እኔማ የነበረኝን ጋቢ በሙሉ።» ጥርሱ በምሽቱ ውስጥ አበራ። «ጥምቀት እየመጣ ነው፤ ሰዉ ጋቢ ይፈልጋል። ከእናንተ ለመግዛት አፈረ፤ ወጥቶ ከእኔ በሙሉ ዋጋ ገዛ። አላህ ይስጥህ፣ ለከርሞም ክፈት።»

«ለከርሞ እዚህ መኖሬን አላውቅም።»

«ሱቁን ክፈት ነው ያልኩህ፤ ስለ አንተ ማን ጠየቀህ?»

ገብቼ መብራቱን ሳበራ የዓለምወርቅ እንግዳ መቀበያዋ ክፍል ውስጥ ነበረች። ክምሩን አፍርሳ ጋቢዎቹን በግድግዳው ዙሪያ፣ በመደብ ልክ፣ አረንጓዴው ጥለት ከፊት እንዲታይ አድርጋ ትደረድር ነበር። ለእሑድ ለሽማግሌዎቹ ሁሉ የሚበቃ መቀመጫ ወጥቶታል። ካርቶኔን ለአራት አጥፋ በሚወላገደው ጠረጴዛ እግር ሥር አስገብታዋለች፤ «ታላቅ» የሚለው ብቻ ይነበባል።

«ወዲያ ጫፉን ያዝልኝ» አለችኝ።

ያዝኩላት።