ሚሊ የብረት መቁረጫ ሲመርጥ

«ታዲያ የጋዙ ሲሊንደር የት ነው የሚገጠመው?» አለ ሚሊ፣ ጎንበስ ብሎ የማሽኑን ጀርባ እየመረመረ።

«ጋዝ የለውም ጋሼ፤ በአየር ነው የሚሰራው» አለችው ሻጯ።

«በምን አየር?»

«በዚሁ በምንተነፍሰው።»

ሚሊ ቀና ብሎ አያት። ልጅቷ አልሳቀችም። እሱ ግን ሳቋን ከከንፈሯ ኋላ እንደቆለፈችው እርግጠኛ ሆነ።

«ስሚ ልጄ፣ ብረት በትንፋሽ የሚቆረጥ ቢሆን የሚስቴ ወንድም አፉን በከፈተ ቁጥር የዚህ ሰፈር በር ሁሉ ይረግፍ ነበር።»

«አይደለም ጋሼ! ኮምፕረሰሩ አየሩን ይገፋዋል፣ ኤሌክትሪኩ ያግለዋል። የጋለው አየር ብረቱን አቅልጦ ያልፋል። ፕላዝማ የሚሉት እሱ ነው።»

«ኮምፕረሰርማ አለኝ። በር ቀለም የምረጭበት።»

«በቃ፣ እሱ ይሆንዎታል። አየሩ ግን ደረቅ መሆን አለበት።»

«ምን ላድርገው ታዲያ? ገመድ ላይ ላስጣው?»

አሁን ልጅቷ ሳቀች። ሚሊም፣ ይኸው ያዝኳት፣ መጀመሪያም ስታሾፍብኝ ነበር ብሎ ደመደመ። እርጥበቱን የሚያስቀር ትንሽ ማጣሪያ እንዳለ ስትነግረው ጆሮው ሌላ ቦታ ነበር።

ሚሊ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ሰፈሩ ያወጣለት ነው። የሰው በር አንዲት ሚሊ ሜትር ዘመም ብሎ ካየ፣ ሰላምታውን ትቶ «ይሄ ነገር ሚሊ ጎድሎታል» ሳይል አያልፍም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ግቢው ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ዳሱ ሥር፣ በርና የመስኮት ብረት ሲሰራ ኖሯል። አሁን ግን ቀኝ ትከሻው ከዳው። ግራይንደር ይዞ ላሜራ መቁረጥ ከጀመረ፣ የማሽኑ መንቀጥቀጥ ክንዱን አልፎ አንገቱ ድረስ ይወጣል። ሐኪሙም ቁርጡን ነገረው፤ «ወይ ግራይንደሩን ተው፣ ወይ ትከሻህን ተሰናበተው።»

ይሄን የሰማው የሚስቱ ወንድም ቀን አላሳለፈም። አምፖል መሸጫ ሱቅ አለው። «ጋሼ፣ ምን ቸገረህ? ወንበር አዘጋጅቼልሃለሁ፤ ከነትራሱ። ተቀምጠህ መሸጥ ነው» አለው። ከልቡ ነበር፤ አማቹን ይወዳል። ሚሊ ግን ያን ሌሊት ትራሱን በህልሙ አየው፤ አበባ አበባ ነበረው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሳይንቀጠቀጥ የሚቆርጥ ማሽን ካገኘ ዳሱ ሥር ይቆያል፤ ካላገኘ ወይም ተሳስቶ ሌላ ከገዛ ትራሱ ላይ ይቀመጣል። የማሽን መሸጫው ደግሞ የተሸጠ ማሽን አይመልስም። ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል።

ለሽያጭ የቀረቡት ሁለት ናቸው። ሚሊም እጁን እየጠራረገ ዕቃ የሚመረጥበትን ሥራ ጀመረ፤ ማንሳት። ያስተማረው ጌታው «ማሽን ስትገዛ የሻጩን አፍ አትስማ፣ አንሳው» ይለው ነበር። ያኔ እውነት ነበር። ጥሩ የብየዳ ማሽን ማለት ሆዱ ሙሉ መዳብ የተጠመጠመበት፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነው። አንድ ጊዜ ቀለል ያለ ገዝቶ በሁለተኛው ሳምንት ጭሱ ጎረቤት አስነስቷል።

አንደኛውን በግራ እጁ ብድግ አደረገው። እንደ ምሳ ዕቃ ተነሳ።

«ውስጡ ምንም የለም እንዴ?»

«እሱ ነው ጠንካራው ጋሼ። አስር ሚሊ ውፍረት ይቆርጣል።»

ሁለተኛውን ሞከረ። ከመሬት አልተላቀቀም። ፊቱ በራ። «ይሄስ? ሃያ ይቆርጣል?»

«ስድስት። የሚከብደው ኮምፕረሰሩ ውስጡ ስላለ ነው። ኮምፕረሰር ለሌለው ሰው ነው የሚሆነው።»

የሚከብደው ትንሽ ይቆርጣል፣ የሚቀለው ብዙ። ሚሊ ዓለም የተገለበጠች መሰለው። ቢጨንቀው ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ። «ስልሳ በመቶ ይላል። አርባውስ?»

«ከአስር ደቂቃ ስድስቱን ይሰራል፣ አራቱን ያርፋል ማለት ነው።»

«ማሽን ያርፋል?»

«እንዳይግል ነዋ።»

«እኔ በሠላሳ ዓመት አራት ደቂቃ አላረፍኩም፣ እሱ ገና ሳይጀምር ዕረፍቱን ይናገራል!» ብሎ ወጣ። በመንገዱ ላይ ስልሳንና አርባን፣ አስርንና ስድስትን ሲደምርና ሲቀንስ ቤቱን አንድ በር አልፎት ሄደ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑ ጥግ ላይ የስፌት መኪናዋ እየተንጣጣ የሰው መጋረጃ ትዘመዝማለች። ወንድሟ ማምሻውን መጥቶ ቆጣሪውን ከፍቶ አየ፣ ሽቦውን ነካ ነካ አደረገ፣ ብዙም አወራ።

«የቤቱ መስመር ሁለቱንም ይችላል ጋሼ፤ አንድ ወፍራም ሽቦ እኔው እዘረጋልሃለሁ። ማሽኑን ግን ቀላሉን ግዛ።»

ሚሊ ቅንድቡን ሰበሰበ። «ለምን ቀላሉን?»

«ኮምፕረሰር አለህ፤ ለምን ሁለተኛ ትሸከማለህ?»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሚሊ በልቡ፣ ይሄ ልጅ ቀላሉ ቶሎ እንደሚቃጠል ያውቃል አለ። ማሽኑ ይቃጠላል፣ እኔ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሱ ሱቁን ለእኔ ጥሎ ከተማ ሲዞር ይውላል። እስኪ ልፈትነው ብሎ «ከባዱን ብገዛስ?» አለው።

«ግዛ፣ እሱም ይሰራል።»

ይሄ መልስ ጭራሽ ግራ አጋባው። ተንኮለኛ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይሸነፍም፤ ወይስ ተንኮሉ እዚያው ላይ ነው?

ሚስቱ እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ «ዘንድሮ የቆረጥከው ትልቁ ውፍረት ስንት ነው?» አለችው።

«እ?»

«የብረት ውፍረት። ስንት ነው?»

ሚሊ አሰበ። ላሜራው አንድ ተኩል ነው። የበሩ ፍሬም ቱቦላሬ ሁለት። ለአንድ ደረጃ እግር የቆረጠው ደግሞ ስምንት። «ስምንት» አለ።

«ከባዱ ስንት ይቆርጣል?»

«ስድስት።»

ሚስቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ሚሊም እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ነገር ግን ስምንት ከስድስት እንደሚበልጥ ጭንቅላቱ ቢያውቅም፣ እጁ አላወቀም።

በማግስቱ ሚስቱን ይዞ፣ የዚያችኑ የስምንት ሚሊ ብረት ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሄደ። «ሳልሞክር አልገዛም» አለ። ሻጯ እሺ ብላ ከሱቁ ጀርባ ቀላሉን ማሽን ከኮምፕረሰር ጋር አገናኘችለት፤ ጥቁር መነጽርም ሰጠችው። ሚስቱ ራቅ ብላ ፊቷን አዞረች።

ሚሊ እንደለመደው እግሩን አንፈራጦ፣ ትከሻውን ለሕመሙ አዘጋጅቶ፣ የማሽኑን መቁረጫ ቶርች ብረቱ ላይ በጠመኔ ባሰመረው መስመር አስደግፎ ሊጫን ሲል ልጅቷ «አይጫኑት! ዝም ብለው በመስመሩ ላይ ይጎትቱት» አለችው። ጎተተው። ሽሽሽ አለ፤ ሰማያዊ ብርሃን ተንቦገቦገ። የሚንቀጠቀጥ ነገር የለም። የሚታገል ነገር የለም። ሚሊ ቶርቹን አነሳ።

«አልቆረጠም» አለ በሐዘን። «ምንም አልተሰማኝም።»

«ጋሼ፣ እግርዎ ሥር።»

የብረቱ ግማሽ በሁለት ጫማዎቹ መሃል ወድቆ ይጨሳል። ሚሊ በመቆንጠጫ አንስቶ ጠርዙን አየው። ሜትሩን አውጥቶ ለካው። አንድ ሚሊ አልጎደለም። ትከሻውን ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቀሰ፤ ዝም አለው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ሳይለፋ ደመወዝ እንደተቀበለ ሰው ዙሪያውን ቃኘ። ሳይታገሉ የቆረጡት ብረት ነገ ተመልሶ የሚጣበቅ ነው የመሰለው።

«እንግዲህ ይሄን ልጠቅልልልዎት?» አለች ሻጯ።

«ቆይ ቆይ። ያንን ከባዱን አንዴ እንደገና ልየው።»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው።

ሚሊ ከባዱ ማሽን ፊት ቆመ። እጀታውን በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ ተነፈሰና ሳበው። ማሽኑ አንድ ስንዝር ያህል ከመሬት ተነሳ። ያን ጊዜ ትከሻው ቀጭ አለ። ወደ ላይ እንዳያነሳው ጉልበት የለውም፣ ወደ ታች እንዳይለቀው ሻጯም ሚስቱም እያዩት ነው። እዚያው ጎብጦ ቀረ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፣ ላብ ከግንባሩ እየወረደ ማሽኑ ላይ ይንጠባጠባል።

ሻጯ ነገሩ ስላልገባት በትሕትና ጠጋ ብላ «ይሄኛውን ወሰኑ ጋሼ? መኪና ላይ ላስጭንልዎት?» አለችው።

«ቆይ» አለ ሚሊ፣ በጥርሱ መሃል። «እያሰብኩ ነው።»

ሚስቱ ቦርሳዋን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

«መሬት አስቀምጠኸውም ማሰብ ይቻላል» አለችው።